ለአጭር በጋ የትኛው ትምባሆ ይሻላል?
በሰሜን አውሮፓ ጓሮ ትምባሆ ተክሎ ዘሩን ለከርሞ ማስቀረት ለሚሻ ሰው ዋናዎቹ አማራጮች ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ረጅሙ፣ ባለ ሮዝ አበባው ኒኮቲያና ታባኩም ሰፊና ለስላሳ ቅጠል ቢሰጥም፣ ችግኙ ከመጨረሻው ውርጭ ከ6 እስከ 8 ሳምንታት ቀደም ብሎ ቤት ውስጥ ካልፈላ፣ ዘር መያዣው ሳይደርቅ ብርዱ ይቀድመዋል። ሩሲያውያን ማሆርካ የሚሉት፣ አጭሩና ቢጫ አበባው ኒኮቲያና ሩስቲካ ግን ቶሎ ስለሚደርስ ዘሩ አያሰጋም፤ ጉዳቱ ኒኮቲኑ እጅግ የበረታ መሆኑ ነው (እርጥብ ቅጠሉን በባዶ እጅ መልቀምም አይመከርም)። ዓላማው ዘር ብቻ ከሆነ ሩስቲካን እመርጣለሁ። ብዙ ዓይነት ታባኩም ጎን ለጎን የሚተክል ግን አበባው ሳይፈነዳ አናቱን በስስ ጨርቅ ይሸፍን፤ ተክሉ ራሱን በራሱ ቢያራባም ንቦች ያዳቅሉታልና።