ሐይቅንና የጎፍን በአንድ ቀን ላሳየን ሾፌር ምስጋና

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቅዳሜ ቤተሰቤን ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ የጎፍ ደን ወስዶ በሰላም ለመለሰን የሚኒባስ ሾፌር ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና ተመሳሳይ ጉዞ ላሰባችሁ ሁሉ እርሱን ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስሙ እንዳይወጣ ስለጠየቀኝ አልጠቅሰውም፤ ስልኩን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

የሄድነው ሰባት ሆነን ነው፤ ጉልበቷን የሚያማት እናቴ፣ አክስቴ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና እኔ። ከዚህ በፊት በተከራየነው ሌላ መኪና መንገድ ላይ ዋጋ ተጨምሮብን ስለነበር ሰግቼ ነበር። ይህ ሰው ግን በዋዜማው ቤት ድረስ መጥቶ፣ ነዳጁን ጨምሮ ዋጋውን ቆርጦ ነገረን፤ ማታም በዚያው ሒሳብ ተለያየን።

የጉዞውን ቅደም ተከተል ያስተካከለው እርሱ ነው። እኔ ከየጎፍ እንጀምር ብዬ ነበር፤ እርሱ ግን ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻና ወደ የጎፍ በሚያወርደው ሐረጎ ተራራ ላይ ጉም ስለሚተኛ ቁልቁለቱ ለከሰዓት ቢቆይ፣ ሐይቁም ነፋስ ሳይነሳበት ቢታይ እንደሚሻል አስረዳኝ። ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ስንደርስ፣ እንዳለው፣ ውኃው ጸጥ ብሎ የማዶውን ተራራ ተገልብጦ አሳየን።

መኪናው እንደቆመ ከወንበር ሥር አንዲት አጭር የእንጨት በርጩማ አወጣና ከበሩ ግርጌ አስቀመጣት፤ እንዳትናወጥም በአንድ እግሩ ረግጦ ይዞ፣ እጁን ለእናቴ ዘርግቶ «አብሽሩ እማማ፣ ቀስ ብለው» አላት። ያችን በርጩማ ቀኑን ሙሉ በቆምንበት ሁሉ ሲያወጣና ሲመልስ ዋለ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ያስታወሰው ሰው አልነበረም።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች እንደማይገቡ ከቤት ሳንወጣ ነግሮን ስለነበር፣ እናቴና አክስቴ በር ላይ ደርሰው ከማዘን ድነዋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበትን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበትን፣ ድሮ ደሴት የነበረውንና ዛሬ በየብስ የሚገባበትን ይህን ገዳም እኔና ወንዱ ልጄ ተሳልመን ስንመለስ፣ እርሱ ሴቶቹን ከዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ ዙህሩን ሰግዶ ይጠብቀን ነበር። ልጃገረዶቹንም፣ ሐይቁ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር እንደሚያልፍ ነግሮ፣ ከዳርቻው እንዳይርቁ አድርጓቸዋል። ምሳችን የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ በዳጣ ነበር፤ ቤቱን የመረጠልን እርሱ ነው፣ ደግሞም ጥሩ መርጧል።

ከሰዓት ሐረጎን ሲወርድ ማርሽ ቀንሶ መኪናውን በሞተሩ ጉልበት እየያዘ እንጂ ፍሬን ላይ ተኝቶ አልነበረም። በየኩርባው ዓይኗን የምትጨፍነው አክስቴ በመስኮት ቁልቁል ኮምቦልቻን እያየች ወረደች፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገኝም። ተራራው በተራቆተበት አገራችን እንደ የጎፍ ያለ ጽድና ወይራ የተረፈበት ደን ጥቂት ነው፤ ሾፌራችንም ይህን እንደ ራሱ ንብረት ያየዋል። ልጄ የወይራ ቅርንጫፍ ሊሰብር ሲል በለሰለሰ ቃል ከልክሎት፣ እናቴ ለወተት ዕቃ ማጠኛ የምትሻውን ደረቅ እንጨት ከወደቀው ለቅሞ ሰጣት። ስንነሳም የውኃ ፕላስቲኮቻችንን ሁሉ በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስቦ ወደ ደሴ መልሷል።

ላልሸሽገው የሚገባኝ ነገር ሚኒባሱ አሮጌ መሆኑን ነው፤ የኋላው ወንበር ስለሚጠብ ረጃጅሞች ከፊት ቢቀመጡ ይሻላል። ቅዳሜና እሑድ ቶሎ ስለሚያዝም ጥቂት ቀናት ቀደም ብላችሁ ደውሉለት፤ አቅመ ደካማ አብሯችሁ ካለም ንገሩት። እናቴ ከወዲሁ ለአርዲቦ ሐይቅ ከእርሱ ጋር ቀጠሮ ይዛለች።