ሎጊቴክ ሲ920 ከወራት በኋላ፦ ሳሎናችን ቴሌቪዥን ላይ የተቀመጠው ዌብካም

ዌብካሙን (ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ የቪዲዮ ጥሪ ካሜራ ነው) የላከችልን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ናት። ካለፈው መስከረም ጀምሮ አዲስ አበባ፣ ሳሎናችን ቴሌቪዥን ላይ ተቀምጧል። ሥራው አንድ ነው፤ እሁድ ማታ እማዬን ከልጆቿና ከልጅ ልጆቿ ጋር ማገናኘት። አንዷ ልጇ አሜሪካ፣ አንዷ ዱባይ ናት። ለቢሮ ስብሰባ ወይም ለጌም ካሜራ የምትፈልጉ ከዚህ ጽሑፍ ብዙ አታገኙም።

ድሮ በስልክ ነበር የምንደውለው። እማዬ በልማድ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ትለጥፈዋለች። ልጆቹ ግማሹን ጥሪ ጆሮዋን ሲያዩ ያመሻሉ።

ሲ920 አሮጌ ሞዴል ነው፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። 1080ፒ ጥራት ያለው ምስል (ቁጥሩ ሲያድግ ምስሉ ይጠራል) በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ማለትም 30 ነጠላ ምስል፣ ይሰጣል፣ ፎከስ በራሱ ይይዛል፣ ከሌንሱ ግራና ቀኝ ማይክ አለው። ዩኤስቢ ላይ ሲሰካ ላፕቶፑ ወዲያው ያውቀዋል። «ለምን 4ኬ አላስመጣህም?» ያለኝ ጓደኛ ነበር፤ ከ1080ፒ በጣም የጠራውን ማለቱ ነው። 4ኬ እኛ ቤት ምን ይሠራል? ዙም ለቡድን ጥሪ 720ፒ ለመላክ በሰከንድ 2.6 ሜጋቢት፣ ለ1080ፒ 3.8 ሜጋቢት ይፈልጋል። የአፕሎዱን፣ ከእኛ ወደ ውጭ የሚላከውን፣ ፍጥነት ማለቴ ነው። ብዙዎቻችን ኢንተርኔት ስናስገባ የምንጠይቀው የዳውንሎዱን ነው፤ ዘመድ እኛን የሚያየን ግን በአፕሎዱ ነው። መስመሩ ሲደክም አፑ ራሱ ጥራቱን ይቀንሳል። ያኔ ውዱም ርካሹም ካሜራ የሚልከው ያው የደበዘዘ ምስል ነው።

እኛን ያስቸገረን ብርሃን ነው። እኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት ስንደውል ሲልቨር ስፕሪንግ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው፤ እዚያ ሰዓት ሲቀየር ደግሞ 7 ሰዓት ይሆናል። እነሱ የቀን ብርሃን ላይ ፏ ብለው ይታያሉ። እኛ የጣሪያ አምፖል ሥር ተኮልኩለናል። እማዬ ደግሞ ለእሁድ ጥሪ ነጭ ነጠላዋን ነው የምትለብሰው፣ ከጀርባዋ ያለው ግድግዳም ነጭ ነው። ካሜራ የሚለካው በምስሉ ውስጥ ያለውን ብርሃን በአማካይ ነው። ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ሁሉንም ያጨልማል። ነጠላው አምሮ ይታያል፣ የሚጠፋው ፊቷ ነው። ትንሹ የእህቴ ልጅ «አያቴ ፊት የላትም» ብሎ አረፈው።

አምፖሉ ደካማ ከሆነ ሌላም ጣጣ አለ። ካሜራው ብርሃን ለመሰብሰብ ሲል የፍሬሙን ቁጥር ይቀንሳል፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል። እማዬ ስታወራ ደግሞ እጇ አያርፍም።

መፍትሔው ርካሽ ነበር። የጠረጴዛ መብራት ከቴሌቪዥኑ ጎን አድርገን ወደ ሶፋው አዞርነው። ብርሃኑ ዓይን እንዳይወጋ አምፖሉን ወደ ጎን ትንሽ ማዘንበል ነው። ከሶፋው ጀርባ ጠቆር ያለ የደብረ ብርሃን ምንጣፍ ሰቀልን። የፊቷ መልክ ተመለሰ። ምንጣፉ የሳሎኑን የድምፅ ማስተጋባትም ቀነሰው፤ ይህን እንኳ አልጠበቅኩም።

ከአሜሪካ ካሜራ ለሚመጣላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። መጀመሪያ ሰሞን አምፖል በበራ ቁጥር ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ይንሸራተቱ ነበር። ካሜራው ተበላሽቶ አይደለም። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል)፣ የአሜሪካ 60። አምፖሉ ዓይናችን ሳያየው በዚያ ምት ብልጭ ድርግም ስለሚል ካሜራው ከምቱ ጋር መግጠም አለበት። ሴቲንጉ ላይ 60 ተመርጦ ነበር፣ 50 ሳደርገው መስመሮቹ ጠፉ።

ቦታውን በተመለከተ ሒሳቡ ቀላል ነው። የካሜራው እይታ ከጥግ ወደ ጥግ (በሰያፍ) ሲለካ 78 ዲግሪ፣ ወደ ጎን ደግሞ 70 ገደማ ነው። ላፕቶፕ ላይ አድርጋችሁ በ60 ሳንቲሜትር ከተቀመጣችሁ የሚያየው 85 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ነው፤ ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ። ሁለት ሜትር ተኩል ስትርቁ ግን ሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ያያል። ሶፋው በሙሉ ይገባል፣ ቡና የምታፈላዋም ትገባለች። ለዚህ ነው ቴሌቪዥኑ ላይ ያስቀመጥነው። ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተነዋል። እማዬ ልጆቿን በትልቁ ታያለች፣ እነሱም ዓይኗ እነሱ ላይ ያረፈ ይመስላቸዋል። የካሜራው ገመድ 1.5 ሜትር ብቻ ስለሆነ የዩኤስቢ ኤክስቴንሽን ግድ ይላል።

ሲርቅ ግን ድምፅ ይጎዳል። የካሜራው ማይክ ከሁለት ሜትር ተኩል ላይ ከእማዬ ድምፅ ይልቅ የስኒውን ኳኳታ ነው የሚያሰማው። አሁን ምስሉን ከዌብካሙ፣ ድምፁን ደግሞ ቡና ረከቦቱ አጠገብ ካለው ላፕቶፕ እንወስዳለን፤ ዙም ላይ ማይክና ካሜራ ለየብቻ ይመረጣሉ። ስፒከሩንም ወደ ላፕቶፑ መልሰነዋል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከፍ ሲል እህቴ የራሷን ንግግር ዘግይቶ ትሰማው ነበር።

ዙም የመረጥነው በዱባይዋ ምክንያት ነው፤ እዚያ የዋትስአፕ ጥሪ አይሠራም። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ይቆርጣል። የእማዬ ምርቃት ደግሞ በ40 ደቂቃ አያልቅም። ሁሉም ተመልሶ ይገባና «አሜን» ካቆመበት ይቀጥላል።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ ዋይፋዩ ግን ይሞታል። ያኔ የስልክ ሆትስፖት ከፍተን ዙም ላይ ኤችዲውን (ከፍተኛውን የምስል ጥራት) እናጠፋለን፣ ዳታ እንዳይበላ።

መሠረታዊው ሲ920 የሌንስ መሸፈኛ የለውም፤ ሲ920ኤስ የሚባለው ግን አለው። እማዬ ጥሪው እንዳለቀ ቴሌቪዥኑንም ካሜራውንም በአንድ ዳንቴል ትሸፍናለች፣ ስለዚህ እኛ ጋ ችግር አልሆነም።

ብቻችሁን የምትደውሉ ከሆነ አትግዙ። ጥሩ ስልክ ማቆሚያ ላይ ማድረግ ይበቃል፣ የስልኩ ካሜራ ሊሻልም ይችላል። ቤተሰቡ በሙሉ ሶፋ ላይ ተሰብስቦ ለሚደውልበት ቤት ግን እመክረዋለሁ። እህቴ «ለፋሲካ ምን ልላክ?» ስትለኝ አዲስ ካሜራ አልጠየቅኳትም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ማይክና ስፒከር አንድ ላይ ያለው ዩኤስቢ መሣሪያ ነው ያልኳት።