ለሐይቅ ዳር ሠርግ «ሊነን» ተብሎ የሚሸጥ ሙሉ ልብስን ስለመጠንቀቅ

ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሠርግ ለምትደግሱ ሙሽሮችና ለሚዜዎቻችሁ፣ ለልብስ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ታናሽ ወንድሜ ላንጋኖ አሸዋው ላይ ሲሞሸር፣ ለእርሱም ለሚዜዎቹም «መቶ በመቶ ሊነን» (ከተልባ ግንድ በሚወጣ ቃጫ የሚሠራ ጨርቅ) የተባለ ቡናማ ነጣ ያለ ሙሉ ልብስ አዲስ አበባ ካለ አንድ የሙሽራ ልብስ መሸጫ በውድ ዋጋ ተገዛ። የስምጥ ሸለቆው ፀሐይ ሲበረታ ሁሉም ላብ በላብ ሆኑ፤ አንደኛው ሚዜ ኮቱን ሊያወልቅ ሲል ገበሩ ከሸሚዙ ጋር ተጣብቆ እጅጌው አብሮ ይገለበጥ ነበር። ከሠርጉ በኋላ ከሱሪው የውስጥ ስፌት ክር መዝዘን በክብሪት ብንለኩሰው እንደ ፕላስቲክ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆነ። ፖሊስተር የሚባለው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። እውነተኛው ሊነን ግን እንደ ወረቀት ይነድና ጣት ሲነካው የሚበን አመድ ይሆናል። ልብሱን ይዘን ስንመለስ ሻጩ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለን፤ ደረሰኙም ላይ የተጻፈው «ሙሉ ልብስ» ብቻ ነበር።

ስለዚህ ጨርቁን በእጃችሁ ጨብጣችሁ ልቀቁት፤ ሊነን ወዲያው ይጨማደዳል፣ ክሩም ወፈር ቀጠን ይላል፤ ምንም ሳይጨማደድ ከተመለሰ ግን ተጠራጠሩ። ከውስጥ ስፌቱ ትንሽ ክር ጠይቃችሁ ከሱቁ ውጭ ለኩሱት። ጨርቁ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ኮቱ ሙሉ በሙሉ የፖሊስተር ገበር ካለው ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ፣ ገበር የሌለው ወይም ትከሻው ላይ ብቻ ገበር ያለው ኮት ምረጡ፤ ከተቻለም ከረባቱን ተዉት። ሊነን ካልተገኘ ሳሳ ያለ የጥጥ ጨርቅ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ ማሰፋት በእኔ እምነት ከሁሉም ይሻላል። የሀገር ባህል ልብስ ለምትመርጡም፣ በእጅ የተሸመነ የጥጥ ሸማ ለሙቀት ምቹ ነው፤ ነገር ግን ጥበቡ በማሽን የታተመበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሸማ ተብሎ ስለሚሸጥ ያው ጥንቃቄ ያስፈልገዋል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱን ለመጠየቅ ግን ማስረጃ ያስፈልጋልና የጨርቁን ዓይነት በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ አስሰፍሩ፤ ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካመነታ ቀብድ አትክፈሉ።

ልብሱንና ጫማውን የምትከራዩ ከሆነ ደግሞ፣ አሸዋና ውሃ ለነካው ዕቃ ከመያዣው ገንዘብ እንደማይቆረጥ ውሉ ላይ መጻፉን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ።