«ጀርባው ላይ ይፈርሙልኝ» ሲሏችሁ እንዳትቸኩሉ

አሁን ገና ከአንድ ቼክ መንዛሪ ቤት መውጣቴ ነው። የሳምንት ደመወዜን ቼክ ላስመነዝር ገብቼ ላስቲክ ካርድ ታቅፌ ወጣሁ። ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው።

የባንክ ሂሳብ የሌለን ሰዎች እነዚህን ከቼኩ ላይ ቆርጠው ገንዘብ የሚሰጡ ቼክ መንዛሪዎች እናውቃቸዋለን። ወፍራም መስታወት፣ ከሥሩ ጠባብ ቀዳዳ፣ ግድግዳው ላይ «ከ1 በመቶ ጀምሮ» የሚል ማስታወቂያ። 1 ቁጥሯ የበር ያህል ናት፣ «ጀምሮ» የምትለዋ ጉንዳን ታክላለች። አይቻታለሁ። አይቼ ነው ያለፍኳት።

ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ልጅ መጀመሪያ ማር ነበረች። «እርስዎ» እያለች መታወቂያዬን ተቀበለች። ቼኩን አገላብጣ አየችና ከእስክሪብቶ ጋር መለሰችልኝ። «ጀርባው ላይ ይፈርሙልኝ።» ፈረምኩ። ስንት ትቆርጫለሽ ሳልል ፈረምኩ! ቼኩ መሳቢያ ገባ። ማተሚያው ትንሽ ተንጫጫ። በቀዳዳው ካርድና ደረሰኝ ተንሸራተው መጡ።

«ገንዘቡስ?»

«ካርዱ ውስጥ ነው።»

ደረሰኙን አየሁት። 1 ያልኩት ለአዲስ ደንበኛ 5 በመቶ ነው። ላልጠየቅኩት ካርድ ማውጫ ደግሞ 2.5 በመቶ የሚሆን ሌላ ሂሳብ ተቆርጧል። ድምሩ 7.5። ከ40 ሰዓት ሥራ ላይ ስታሰሉት ሦስት ሰዓት ሙሉ ነው። ሦስት ሰዓት ቆሜ የሠራሁት ለዚያች መሳቢያ ነው ማለት ነው።

«ቼኬን መልሽልኝ» አልኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ፈርመህ የለ እንዴ?» እርስዎ የነበርኩት ሰውዬ በአንድ ፊርማ አንተ ሆንኩ። «ካልተስማማህ ባንክ ሂዳ» ስትል ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ ሳቀ። ሂሳብ ቢኖረኝ እሷ ጋ ምን አመጣኝ? ታውቃለች እኮ። አውቃ ነው ያለችው።

ከእሷ በላይ የሚያንገበግበኝ የራሴ ጅልነት ነው። ሰው ካልሲ ሲገዛ እንኳ «ስንት ነው?» ይላል። እኔ ከኋላዬ ሰልፍ አለ ብዬ አፈርኩ። ካርዱም ገና አልጨረሰኝም። ከገንዘብ ማውጫ ማሽን ባወጣሁ ቁጥር ይቆርጣል፣ ባልነካውም በየወሩ ይቆርጣል። ይህን ያነበብኩት ከወጣሁ በኋላ በር ላይ ቆሜ ነው።

በቃ፣ ሳትፈርሙ በፊት እጃችሁ ላይ የሚገባውን ቁጥር በወረቀት አስጽፉ። በጥሬው ነው ወይስ በካርድ ብላችሁም ጠይቁ። ጀርባው የተፈረመ ቼክ እጃችሁ ከወጣ አለቀ። ደግሞ መጀመሪያ ቼኩ ላይ ስሙ የታተመውን ባንክ ሞክሩ፣ ሂሳብ ለሌለው ሰውም የሚመነዝሩ አሉ። እኔ ቅርንጫፉን በእግሬ አልፌው ነው የሄድኩት።

አሁን ማሽን ፍለጋ ልሂድ። ኪራይ የሚከፈለው ዛሬ ነው፣ አከራዬ ደግሞ ካርድ አይቀበሉም።