31 ወር ከአንድ የሞተር ባትሪ ጋር

ይህን ባትሪ ሞተሬ ላይ ካሰርኩት 31 ወር ሆነው። ከሱ በፊት የነበረው 14 ወር ብቻ ነው የቆየልኝ። ሞተሩ ያው ነው፣ ነጂውም ያው እኔው ነኝ፣ የምመላለስበት መንገድም አልተቀየረም። አዲሱ ባትሪ ጥራት ስላለው ነው ብዬ ብገላገል ደስ ይለኝ ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር የድሮውን የገደልኩት እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት (ሲሞላ የሚይዘው መጠን)፣ ኤጂኤም የሚባለው ዓይነት ድፍን ባትሪ ነው። አሲዱ ውስጡ አይንቦጫረቅም፤ በእርሳስ ሳህኖቹ መካከል ያለ ከመስታወት ክር የተሠራ ስስ ንጣፍ መጥጦ ይዞታል። ንዝረት ይችላል፣ ውሃ ጨምሩልኝ አይልም። የድሮው ክዳኑ እየተከፈተ ዲስቲልድ ውሃ የሚጨመርበት ነበር። እንደዚያ ዓይነቱ በደህና ከተያዘ ከ2 እስከ 4 ዓመት፣ ድፍኑ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይሄዳል። 14 ወር በየትኛውም ሂሳብ ውርደት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ሞተሩ ላይ አላርም አስገጥሜ ነበር። ለ33 ቀን ራቅ ብዬ ስሄድ ሞተሩን ጥላ ቦታ አቆምኩት፣ ሸራ አለበስኩት፣ አላርሙን አበራሁና ልቤ ረክቶ ወጣሁ። ስመለስ ቁልፉን ባዞር ባዞር የኒውትራሏ መብራት እንኳ ብልጭ አላለችም። በኋላ ቴስተር ይዤ ስለካ አላርሙ ብቻውን 12 ሚሊአምፔር ይስባል። ምንም አይመስልም አይደል? በ24 ሰዓት ግን 0.288 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። 7ቱን ለዚያ ስታካፍሉት 24 ቀን ይመጣል። የቀረውን 9 ቀን ባትሪው ባዶውን ነው የተቀመጠው። ከሌባ ጠብቅልኝ ብዬ ያስገባሁት ዕቃ ራሱ ሰረቀኝ።

የእርሳስ ባትሪ ባዶውን መቀመጥ አይችልም። ኃይል ሲወጣ ሳህኖቹ ላይ ሊድ ሰልፌት ይፈጠራል። ቶሎ ቻርጅ ከተደረገ ይሟሟና ይመለሳል። ከቆየ ይጠነክራል፣ ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይለቅም። እንዲህ የሆነ ባትሪ ቻርጀር ላይ ሲሆን ቮልቱ ቶሎ ከፍ ይልና ያታልላል፤ ስታርተሩን ስትጫኑ ጊዜ ዘጭ ይላል። ሁለት ወር ያህል በእግሬ እየረገጥኩ ካስነሳሁ በኋላ ተሰናበትን።

የአሁኑ አሲዱ ለብቻው በጠርሙስ ሆኖ ነው የመጣው። ጓንትና መነጽር አድርጌ ሞላሁት፣ ግማሽ ሰዓት እንዲመጥ ተውኩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። አሲድ ገና የጠጣ ባትሪ ሞተር ያስነሳል፣ ስለዚህ ሙሉ ይመስላል፤ ግን 80 በመቶ ገደማ ላይ ነው ያለው። እኔ ከማሰሬ በፊት በ0.7 አምፔር፣ ማለትም በመጠኑ አንድ አሥረኛ፣ ቻርጀር ላይ አሳደርኩት። ሲያርፍ 12.9 ቮልት አነበበ። ስታርተሩ ሲዞር ወደ 11.2 ይወርድ ነበር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከኮርቻው ሥር በማርከር ጻፍኳቸው፤ እስካሁንም በየሦስት ወሩ እየለካሁ ከሥር እጨምራለሁ። ሞተሩ ካረፈ ብዙ ሰዓት ካለፈው በኋላ ነው የሚለካው። ገና እንደጠፋ ብትለኩ ቁጥሩ ያሞካሻችኋል። በደፈናው 12.8 ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.4 ሲሆን ሩብ ያህሉ ሄዷል፣ ከ12 በታች ከሆነ ዛሬውኑ ቻርጀር ፈልጉ።

እኔ የምነዳው አጭር መንገድ ነው፤ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ግማሹ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጥ ሞተሩ እየሠራ፣ ቆሞ መጠበቅ። ድሮ አጭር ጉዞ ባትሪ የሚጎዳው ስታርተሩ ብዙ ስለሚበላ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ስታርተሩ ሁለት ሴኮንድ 80 አምፔር ቢስብ እንኳ 0.05 አምፔር-ሰዓት አይሞላም። ችግሩ የእርሳስ ባትሪ የመጨረሻዋን ሃያ በመቶ ሲሞላ በጣም ዝግ ማለቱ ነው፤ ሰዓታት ይፈልጋል። በሚኒሞ ላይ ደግሞ የፊት መብራቱ የሚመነጨውን አብዛኛውን ይወስዳል። ስለዚህ ሞተሩ በየቀኑ ሳያስቸግር እየተነሳ ባትሪው ግን ለወራት ጎዶሎ ሆኖ ይቆያል። ሰልፌቱም በጸጥታ እየጠነከረ ይሄዳል። አሁን በወር አንድ ሌሊት አነስተኛ አውቶማቲክ ቻርጀር ላይ አሳድረዋለሁ። ለዚህ ዕድሜ ትልቁን ምስጋና የምሰጠው ለዚያች ሌሊት ነው።

በ19ኛው ወር አንድ ጠዋት ስታርተሩን ብጫን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። በቃ ሞተ አልኩ፤ አዲስ ለመግዛት እንኳ ቆርጬ ነበር። ለማንኛውም ብዬ ቴስተሩን ባትሪው ላይ ባስቀምጥ 12.7። ሙሉ ነው! የኔጋቲቩን ካቦ በጣቴ ብነካው ዞረ። ቡሎኑ በንዝረት ላልቶ ኖሯል። አጠበቅሁት፣ በመጀመሪያው ተነሳ። ስንት ደህና ባትሪ በዚህ ምክንያት ተጥሎ ይሆን እያልኩ ቀኑን ሙሉ ስስቅ ዋልኩ።

ስለ ቡሎኑ ካነሳን አንድ ቅሬታ አለኝ። ዳዷ ከሶኬቷ ውስጥ ልቅ ናት፤ ቡሎኑን ከላይ ስታስገቡ እሷ ወደ ታች ትሰምጣለች። በጨለማ ውስጥ እንዴት እንደሚያናድድ የሞከረው ያውቀዋል። መፍትሔዬ ቁራጭ ስፖንጅ ከዳዷ ሥር መወተፍ ነው፤ ወደ ላይ ገፍቶ ይይዛታል። ስትፈቱ ደግሞ ኔጋቲቩ ይቅደም፣ ስታስሩ እሱ መጨረሻ ይሁን። ፖዘቲቩን ቀድማችሁ ስትፈቱ መፍቻው ሻሲውን ከነካ እሳት ነው የሚረጨው።

ሌላ የምፈትሸው ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቮልት የሚገድበውን ሬጉሌተር ነው። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ከፍ ሲደረግ ባትሪው ላይ 14.2 አካባቢ ያነባል፤ ደህና ነው። የአንድ ጓደኛዬ ሞተር 15.6 ያነብ ነበር። ባትሪው ሆዱ አብጦ፣ የተበላሸ እንቁላል እየሸተተ ነው የወጣው። እሱ ባትሪውን ብቻ ቀየረ። አዲሱም በአራት ወሩ አበጠ።

ሊቲየም ለምን አልገዛህም የሚሉኝ አሉ። ክብደቱ እጅግ ይቀላል፣ ሳይነካ ሲቀመጥም ቶሎ አይፈስም። ግን የራሱ ቻርጀር ይፈልጋል፣ በብርድ ጠዋት ይለግማል፣ እስከ ጫፍ ከወረደ ደግሞ ላይመለስ ይችላል። እንደኔ አላርም አብርቶ ለሚረሳ ሰው ቀልድ አይደለም።

ባለፈው እንደገና ስድስት ሳምንት ቆይቼ መጣሁ። በዚህኛው ጉዞ ኔጋቲቩን ፈትቼ፣ ጫፉን በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር የሄድኩት። ስመለስ 12.6 አገኘሁ። አሰርኩ፣ ተጫንኩ፣ ተነሳ።

በድፍን ባትሪ አንድ የምፈራው ነገር አለ፤ ሲያልቅ ድንገት ነው የሚል ስም አለው። የድሮዎቹ እየዛሉ ነው የሚሞቱት፣ ትሰሙታላችሁ። ስለዚህ ከኮርቻው ሥር ካሉት ቁጥሮች የምከታተለው ሁለተኛውን ነው። 11.2 የነበረው በዓመቱ 10.9 ሆነ። ዛሬ ጠዋት 10.4። ወደ 9.5 ሲጠጋ አዲስ እገዛለሁ። እስከዚያው ማርከሩን ኮርቻው ሥር አስቀምጬዋለሁ።