ሰባት ወር ከምትዞረው ሞርሳዬ ጋር

ሞርሳ ስል ጋራዥ ውስጥ ብረት የሚነክሰው ትልቁ እንዳይመስላችሁ። የኔዋ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ የምትታሰር ትንሽ ነገር ናት፤ የምትነክሰውም መንጠቆ ነው። መንጠቆው ላይ ላባና ክር እየጠመጠምኩ፣ አሳ ነፍሳት ወይም ትንሽ አሳ መስሎት የሚጎርሰውን ፍላይ እሰራባታለሁ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። አሁን ጥር ነው። የጅማን ክረምት አብረን ከርመናል፣ መብራት ሲጠፋም በሻማ ሰርቼባታለሁ፣ ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ሞቅታ አይደለም።

የድሮዋ አትዞርም ነበር። የፍላዩን ወዲያኛውን ጎን ለማየት አንገቴን እያጣመምኩ ነው የኖርኩት። በዚችኛዋ ግን መንጠቆው ቶርኖ ላይ እንደታሰረ ብረት ባለበት ይዞራል። ይሄ የሚሆነው ታዲያ የመንጠቆው ዘንግ ከመዞሪያዋ መሃል ጋር ልክ ሲገጥም ነው። ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጫፉ እየዋለለ ክብ ይሰራል፣ ላባውም አንድ ቦታ ይከማቻል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። የመጀመሪያውን ሳምንት በዚህ ፈጀሁት።

የገባችኝ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። እማዬ ገብስማ አውራ ዶሮ ገዝታ ነበር። የፈላ ውሃ ከነካው ላባው ያልቅለታል ብዬ ቀድሜ ደረስኩና የአንገቱን ነጨሁ። «ሰው ፈረሰኛውን ይመኛል፣ የኔ ልጅ ላባውን!» አለች። ማታ ቁጥር 8 መንጠቆ ነከስኩ፣ በጥቁር የሹራብ ክር ገላውን ሰራሁ፣ ላባውን ጭራው ጋ አሰርኩና እጀታዋን ቀስ አድርጌ አዞርኩ። ነጭና ጥቁሩ እየተፈራረቀ፣ እኩል እኩል እየተራመደ እስከ መንጠቆው ቀዳዳ ድረስ ሄደ። በእጄ ስጠመጥመው ሁሌ ይጣመምብኝ የነበረ ላባ! ከማዞራችሁ በፊት ግን ማሰሪያውን ክር ሞርሳዋ ላይ ባለው የክር ማሳረፊያ ክንድ ላይ አድርጉት፣ አለዚያ አብሮ ይጠመጠማል። እኔ ስንቴ እንደፈታሁ አትጠይቁኝ።

ላባው አሳ ሁለት ሦስቴ ከነከሰው ይበጠሳል። ለሱም መላ አለው። ዲናሞ ከሚጠቀልል ሰው የተቃጠለ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ለመንኩና ሞርሳዋን ወደ ኋላ እያዞርኩ በላባው ላይ አሳለፍኩት። አሁን ጠንካራ ነው። ግልገል ጊቤ ግድብ ላይ በአንዷ ፍላይ ብቻ አራት ቢልጫ አሳ ይዣለሁ፣ እሷም እስካሁን አለች።

ያስቸግራል ከተባለ፣ መንጋጋዋ ነሐሴ ላይ ዛገ። የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ እየቀባሁ ነው ያዳንኳት፤ ክረምታችንን የምታውቁ ከቀን አንድ ጀምሩ። ቁጥር 16 መንጠቆ ያንሸራትታታል (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል)። ለቆሮሶ አሳ የምሰራው ቁጥር 12 ስለሆነ ብዙም አልከፋኝ። የከፋኝ አምስተኛው ወር ላይ መዞሪያዋ መላወስ መጀመሩ ነው። ሻጩን በአክስቴ ልጅ በኩል ብንጠይቀው ዝም አለ። ቶርኖ ቤት ወሰድኳት፣ ልጁ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያትና «ይቺ ደግሞ ምን ትነክሳለች?» ብሎ ስቆ ስስ የነሐስ ቀለበት አስገባላት። ከዚያ ወዲህ ንቅንቅ የለም።

ፍጥነት ፈልጋችሁ ከሆነ አትድከሙ፣ ክሩ ያው በእጅ ነው የሚጠመጠመው። እኔ የምወዳት የፍላዩን ሆድ ገልብጣ ስለምታሳየኝ ነው። ድሮ ስህተቴን የማየው ወንዝ ዳር ነበር።

ለገና ደግሞ እኔ ረስቼ እማዬ ደወለች። «ውሃው ሊፈላ ነው፣ ቶሎ ና።»