ልጄ «የቀለሟ ሲስተር» ለሚላት ነርስ፤ እግዜር ይስጥልኝ

ይህን ምስጋና ስጀምረው ስተወው ከሁለት ዓመት በላይ ሆነኝ። ዛሬ ጳጉሜ 5 ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10፣ ራስን ማጥፋትን የመከላከል ቀን ሆኖ በዓለም ዙሪያ ይታሰባል። በየዓመቱ ከ700,000 በላይ ሰው በዚህ መንገድ እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ባለቤቴ ከእነሱ አንዱ ነበር። ልጃችን ያኔ 5 ዓመቱ ነው።

የማመሰግናት ሴት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የምትሠራ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። ሕፃናትን ታያለች። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም። ልጄ የሚጠራት «የቀለሟ ሲስተር» እያለ ነው፤ ጠረጴዛዋ ላይ በብስኩት ቆርቆሮ የሞላ ባለቀለም እርሳስ አላት።

እሷ ጋ ከመድረሳችን በፊት ምን እንዳጠፋን ልናገር፤ ሌላውም ቤት የሚሆን ነገር ነውና። ለትልቅ ሰው መርዶ ስናረዳ ስንት እንጠነቀቃለን። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ንጋት ይጠበቃል፣ አጠገቡ የሚሆን ሰው ይመረጣል። ለሕፃን ግን ጭራሽ አንነግርም። ቀብሩ ሳይደርስ ልጄን እህቴ ቤት ወሰዱት። ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ መጥቶ «አባዬስ?» ሲል፣ ከዘመዶቻችን አንዱ «ዱባይ ሄዷል» አለው። እኔም አቅም አልነበረኝም፤ ዝም አልኩ። ቆይቶ አጎቱ የመጫወቻ መኪና ገዝቶ «አባትህ ልኮልህ ነው» ብሎ ሰጠው። ሁሉም ያደረገው ከፍቅር ነው፤ ማንንም አልወቅስም።

ሰፈራችን ሰሚት ነው፤ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ያልፋል። ልጄ ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ ግቢው ይሮጥ ነበር። ከዚያ መሮጡን ተወ። መኪናዋን አልጋ ሥር ወረወራት። ሽንቱን መቆጣጠር ከጀመረ ዓመታት ያለፈው ልጅ ሌሊት ፍራሹን ማርጠብ ጀመረ። ሱቅ ስወጣ እንኳ ቀሚሴን ይዞ አይለቅም። ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» ይላል። ከመዋዕለ ሕፃናት መምህርቱ ጠርታኝ፣ ስሙ ከነአባቱ ሲጠራ «አቤት» እንደማይል ነገረችኝ። ክሊኒክ ወሰድኩት፤ ለሆዱ የወስፋት መድኃኒት ተሰጠው፤ ለሌላው «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ተባልኩ። ጠበልም ወሰድኩት። ጠበሉን ዛሬም አልተውንም።

አንድ ምሽት ከጎረቤት ልጆች ጋር ሲጫወት ቆይቶ ገባ። ሳሎን በር ላይ ቆሞ ማብሪያ ማጥፊያውን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ወደ አምፖሉ ያያል። «ተው ይቃጠላል» አልኩት።

«እማዬ፣ አባዬ ራሱን አጠፋ እንዴ?»

መልስ አጣሁ።

«ታዲያ ለምን መልሶ አያበራም?»

ሌሊቱን እንዴት እንዳነጋሁት አላውቅም። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሪፈር አጻፍኩ።

ሲስተር በመጀመሪያው ቀን እኔን ብቻ ነው ያነጋገረችኝ። የመብራቱን ነገር ስነግራት እርሳሷን አስቀመጠችና ትንሽ ዝም አለች። «ቃሉን ሰምቷል፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው ነው ያጣው» አለችኝ። «እኔ ልነግረው እችላለሁ፤ ግን ካንቺ አፍ ቢሰማው ይሻለዋል። እኔ አጠገባችሁ እሆናለሁ።» ከዚያ ቁጭ ብለን ቃል በቃል ተለማመድን። እኔ «አርፏል» ስል አስቆመችኝ። ያረፈ ሰው ይነሳል፤ ልጁ ሲጠብቅ ይኖራል። «አንቀላፋ» ካልሽው ደግሞ ማታ መተኛት ይፈራል። «ሞተ» በይው፣ አለችኝ። ቃሉን ለመልመድ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ በሦስተኛው ድምፄ ወጣ።

ለልጄ እንዲህ አልኩት፦ «አባዬ ዱባይ አልሄደም። የነገርንህ ልክ አልነበረም፤ ይቅርታ። አባዬ ሞቷል። ሰው ሲሞት ሰውነቱ ሥራውን ያቆማል። አይተነፍስም፣ አያመውም፣ ተመልሶም አይመጣም።»

«ይርበዋል?»

«አይርበውም።»

«ዝናብ ሲዘንብ ይበርደዋል?» ሰኔ ነበር፤ ውጭ እየዘነበ ነው።

«አይበርደውም፣ የኔ ጌታ።»

«እሺ» አለና አረንጓዴ እርሳስ ጠየቀ። እኔ ይጮሃል፣ ይንፈራፈራል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ እንደማያዝን ሲስተር ያን ቀን ነው ያስረዳችኝ። ትንሽ ያለቅሳል፣ ሄዶ ይጫወታል፣ ሲጫወት ቆይቶ ደግሞ ይመጣበታል። መጫወቱን አይታችሁ ረሳው አትበሉ። በዚያ ዕድሜ ሞት የማይመለስ መሆኑን ለመቀበል ጊዜ ይፈጅባቸዋል፤ ያንኑ ጥያቄ መቶ ጊዜ ቢጠይቅ መቶውንም ጊዜ ያንኑ መልስ፣ በዚያው ቃል ስጪው አለችኝ። እውነትም ለሳምንታት ገላውን ሳጥበው «ዛሬም ሞቷል?» ይለኝ ነበር። «አዎ፣ ዛሬም ሞቷል።»

እንዴት እንደሞተ የነገርነው በሦስተኛው ቀጠሮ ነው። ዝርዝሩን ሳይሆን ምክንያቱን። «ሆድ እንደሚታመም፣ ጥርስ እንደሚታመም፣ የሰው ሐሳብም ይታመማል። አባዬን ሐሳቡን በጣም አሞት ነበር። በሽታው ሲጠናበት ከዚህ ሌላ መንገድ ያለ አልመሰለውም፤ ራሱ ሰውነቱ እንዲሞት አደረገ። ሐኪም የሚረዳው በሽታ ነበር፤ እኛ ግን አልደረስንበትም።» ቀጥላ ሲስተር ራሷ፣ በሽታው እንደ ጉንፋን እንደማይጋባ፣ እናቱ እንደምታሳድገው፣ እኔ ድንገት ቢያመኝ ማን እንደሚይዘው ሁሉ በስም ነገረችው። ይህ የመጨረሻው ለእኔ አይታሰበኝም ነበር፤ ለካ ቀሚሴን የሚይዘው ለዚህ ነው።

በአምስተኛው ቀጠሮ አንድ ትልቅ ሰውና አንድ ትንሽ ልጅ ሣለ። ልጁ ትልቁ ሰው ሆድ ላይ ቆሟል። ሲስተር «ንገረኝ» አለችው፤ ምን እንደሆነ አልገመተችለትም። እየሣለ፣ ቀና ሳይል፦ «ዘልዬበት ነበር። አባዬ "ገደልከኝ እኮ" አለኝ።»

በቤታችን በቀን ስንቴ እንላታለን ይህችን ቃል። «ገደልከኝ»፣ «ልትጨርሰኝ ነው»። ልጄ ለወራት እኔ ነኝ የገደልኩት ብሎ ተሸክሟት ኖሯል። ሲስተር ወንበሯን ትታ መሬት ላይ፣ ከእሱ ዝቅ ብላ ተቀመጠችና «መዝለል አይገድልም። መጮህም፣ ማስቸገርም፣ "አልወድህም" ማለትም አይገድልም። አንተ ምንም አላጠፋህም» አለችው። ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። «እናትህም ምንም አላጠፋችም» ብላ ጨመረች። ያን ጊዜ እኔን ነው ያስለቀሰችኝ።

አንድ ነገር ብቻ እሷ አልመለሰችም። ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት አንዱ ስለ ፍትሐት ሲከራከር «ሲኦል» ያለውን ልጄ ሰምቶ ኖሮ ጠየቃት። «ይህን የሚያውቁት የንስሐ አባታችሁ ናቸው» ብላ ወደ እሳቸው መራችን። አባታችንም ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «እግዚአብሔር የታመመ ሰው ያውቃል፤ ላባትህ ጸልይ» አሉት። እስካሁን ማታ ማታ ይጸልያል።

ለእኔም ከባልደረቦቿ አንዱን አገናኘችኝ፣ ከመምህርቱም ጋር በስልክ ተነጋገረች። ለልጄ መድኃኒት አልታዘዘለትም። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓት ካልደረሳችሁ ቀኑ ይሄዳል። ክፍሏም ጠባብ ነው። ይህን አይታችሁ ግን አትመለሱ።

እንዲህ ያለ ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ወይ በዘመድ በጎረቤት ካያችሁ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር አጽፉ፤ ስትደርሱ «ሕፃናት የሚያይ ባለሙያ» ብላችሁ ጠይቁ። «አማኑኤል» የሚለው የአእምሮ ሆስፒታሉ ስም አያስፈራችሁ፤ እኛ በስሙ ስንፈራ ነው ባለቤቴን ያጣነው። ራሳችሁ መኖር የከበዳችሁም ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ተናገሩና ይዟችሁ ይሂድ፤ በሩ ያው በር ነው። ሲስተርን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዳልኛለችና አገናኛችኋለሁ።

ልጄ አሁን 7 ዓመቱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ መሬት ላይ ተደፍቶ ለጎረቤት የሚያዞረውን የአዲስ ዓመት ሥዕል እየሣለ ነው። አደይ አበባ ያለበትን አንዱን ለብቻው አስቀምጧል። «የቀለሟ ሲስተር በበዓል ትገባለች?» አለኝ። ከበዓሉ በኋላ እናደርስላታለን አልኩት። ገልብጬ ሳየው ጀርባው ላይ ስሙን ጽፎበታል፤ ከነአባቱ።